«አባቴም ሁለት ነበረው»፦ ስለ ትዳርና ስለ ጣውንት የጻፋችሁልኝ

ከሁለት ሳምንት በፊት ሁለተኛ ሚስት ስለመሆን ለጠየቀችኝ አንዲት እህት አጭር መልስ ሰጥቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ በዚሁ ጉዳይ ሆነ። ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ማንነታችሁ እንዳይታወቅ ከተማና አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ አንድ መስመር ይበቃዋል። አንደኛው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጠኝ አደረ፤ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

«ጣውንት» ስድብ ነው?

ከደብረ ብርሃን አንድ ተማሪ ነው የጠየቀው። አይደለም። አንድ ባል ያላቸው ሴቶች አንዷ ለሌላዋ ጣውንት ናት። እንደ ምራት፣ እንደ ዋርሳ ያለ የዝምድና ስም ነው።

«ይሄ የሐበሻ ባህል አይደለም»

አንድ አባት ከጎንደር በጣም ተቆጥተው ጽፈውልኛል። ከአንድ በላይ ማግባት የሌላው አፍሪካ ነገር ነው፣ የእኛ ሕዝብ አንድ ለአንድ ነው፣ ለምን የሰው አገር ነገር ታመጪብናለሽ ነው የሚሉት።

አባቴ፣ ቁጣዎ ለትዳር ካለዎት ክብር የመጣ መሆኑ ይገባኛል። ግን «የእኛ ሕዝብ» ሲሉ ማንን ማለትዎ ነው? በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡት ሴቶች 11 በመቶዎቹ ባላቸው ሌላ ሚስት እንዳለው ተናግረዋል። በአርብቶ አደሩ አካባቢና በደቡቡ ብዙ ቤት የሚኖርበት ሥርዓት ነው። እነሱም እኛ ነን።

ደጋውም ቢሆን ከነገሩ ውጭ አልነበረም። በ14ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዐምደ ጽዮንን ስለ ሚስቶቹ በድፍረት የገሠጹት መነኮሳት ግዞት ገብተዋል። አቡነ በጸሎተ ሚካኤል አንዱ ናቸው። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ደግሞ «ቀኝ በዓልቲሐት» እና «ግራ በዓልቲሐት» የሚባሉ ንግሥቶች ነበሩ። ታዋቂዋ ንግሥት እሌኒ ከእነሱ አንዷ ናት። ቤተ ክርስቲያን አንድ ለአንድ ብላ ታስተምር ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ሁልጊዜ አይሰማትም።

ደጋው ላይ ነገሩ የሳሳው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ብቻም አይመስለኝም። እርሻውም አለበት። የእኛ ገበሬ በሬ ጠምዶ በሞፈርና ቀንበር ያርሳል፤ ማረስ የወንድ ሥራ ነው። በምዕራብ አፍሪካ በሰፊው አገር ግን መሬቱ የሚቆፈረው በዶማ ነው። የሚቆፍሩትም የሚያርሙትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሚስት ሲጨመር የሚለማው መሬት ይጨምራል። ዴንማርካዊቷ ኢኮኖሚስት ኤስተር ቦዝረፕ ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1970 አሳይታለች። ዛሬም ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ከሦስት ሰው ከአንድ በላይ የሚኖረው ብዙ ሚስት ባለበት ቤት ነው።

ደግሞ እስቲ የራሳችንን ቃላት ይቁጠሩ። ቅምጥ፣ ውሽማ፣ የጭን ገረድ፣ የደሞዝ ሚስት። ነገሩ ባይኖር ይህ ሁሉ ስም ከየት ይመጣ ነበር?

«አባቴም ሁለት ነበረው»

አዲስ አበባ የምትኖር እህት ናት። ካገባች 14 ዓመቷ ነው። ሁለት ልጆች አሏት። ባሏ ለሥራ ሐዋሳ ይመላለሳል። አንድ እሑድ የሚታጠብ ልብስ ከሻንጣው ስታወጣ የሕፃን ክትባት ካርድ አገኘች። የልጁ አባት ስም የባሏ ስም ነው። ስትጠይቀው አልካደም። «አባቴም ሁለት ነበረው፤ የእኛ ባህል ነው። ቤትሽ ምን ጎደለ?» አላት። ደብዳቤዋ ሦስት ገጽ ነው። ጥያቄዋ ግን አንድ መስመር ናት፦ «ባህል ከሆነ ዝም ልበል እንዴ?»

እህቴ፣ ዝም አትበይ። አባቱ የኖሩት ኑሮና እሱ ያደረገው ነገር ለየቅል ነው።

ከዓመታት በፊት ለሥራ ሲዳማ ገጠር ሄጄ ሁለት ሚስት ያሏቸው ገበሬ ዘንድ ሦስት ቀን ከርሜያለሁ። ሁለት ቤት ነው፤ መሀሉ እንሰት። ታላቋ የራሳቸው በር፣ የራሳቸው ምድጃ፣ የራሳቸው እንሰት አላቸው። ታናሿም እንደዚያው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱ አብረው እንሰት ሲፍቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ታላቋ እንሰቱን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ በእግራቸው ተጭነው ይዘው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቃሉ። ታናሿ ከሥር የወረደውን ትሰበስባለች። የታናሿ ልጅ መጣና ታላቋ ጀርባ ላይ ተንጠለጠለ። «ውረድ» አላሉትም፤ እሱን አዝለው መፋቃቸውን ቀጠሉ።

ባለቤታቸው ሁለተኛ ሲያገቡ ምን እንደተሰማቸው በአስተርጓሚ ጠየቅኳቸው። «ሲነገረኝ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ግን መጀመሪያ የተነገረው ለእኔ ነው። ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብለን ይህ ማሳ የእኔ ነው፣ ይህች ላም የልጆቼ ናት ብዬ ተናገርኩ» አሉ።

ይህን ሥርዓት ላወድሰው አልፈልግም። እኚያ ሴት እምቢ ቢሉ ማን ይሰማቸው ነበር? ሦስት ቀን ያልተቀመሰው እህልም አልረሳኝም። ግን ሥርዓቱ ባልየውን ያስገድደዋል። ለፊተኛዋ ይነግራል። ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ለእያንዳንዷ ቤት ይሠራል፣ ማሳ ይለያል። ልጆቹ ሁሉ በአደባባይ የእሱ ናቸው፤ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ካላስተካከለ ጎረቤት ሁሉ ያየዋል፣ ይወቅሰዋል።

ባልሽ ከዚህ ሁሉ የወሰደው ሁለት ሴት መያዙን ብቻ ነው። ሽማግሌ አልጠራም፣ ንብረት አልለየም፣ ለአንቺ አልነገረም። ያቺኛዋስ ምን ተብላ እንደሆነ ታውቂያለሽ? «ፈትቻለሁ» ብሏት ይሆናል። በእሷ ላይ ለመፍረድ አትቸኩይ።

አንድ ነገር ከቤቴ ላውራሽ። የአክስቴ ባል የሞተ ጊዜ ልጅ አልነበርኩም፤ ሁሉንም አስታውሳለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ቀብር መልስ ተቀምጠን አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ይዛ ገባች። ማንም አላወቃትም። የእድር ሰዎች ቦታ ሰጧት። ልጁ ግራጫ ሹራብ ለብሷል። ሰፍቶት እጅጌውን ሁለቴ አጥፎታል። የእጅጌው ጫፍ ቡናማ ነው። ያን ሹራብ አክስቴ ነበረች በእጇ የሠራችው። ግራጫው ክር ስላለቀባት ጫፉን በቡናማ ጨረሰችው። ባሏ አንድ ጊዜ ከመስክ ሥራ ሲመለስ «ጠፋብኝ» ብሏት ነበር።

አክስቴ ምንም አልተናገረችም። ማልቀሷን አቁማ ሹራቡን ዝም ብላ ታይ ነበር። ማታ ሰው ሲወጣ «አየሽው አይደል ጫፉን?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ስለ ሴትየዋ ብዙም አላወራችም። ያሠቃያት ሌላ ነገር ነበር። እያንዳንዱን መስክ እንደገና መቁጠር ጀመረች። የገና ዋዜማ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ያደረ ጊዜ። ልጇ ታሞ ስልክ ያላነሳ ጊዜ። «ያ ሁሉ ውሸት ነበር?» ትላለች። የኖረችው አሥራ ምናምን ዓመት ከእጇ ወጣባት። የሲዳማዋ እናት ሦስት ቀን አዘኑ፤ አክስቴ ግን ያለፈውን ዕድሜዋን ሁሉ ተቀማች። ለዚህ ነው በዚህ ጉዳይ ላይ የማልለሳለሰው። ስንት ሚስት የሚለው ክርክር ለእኔ ሁለተኛ ነው። ትዳሩ ውስጥ ያለች ሴት ትዳሯ ምን እንደሆነ ታውቃለች ወይ? መጀመሪያ ይህን ነው የምጠይቀው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደሽ የኤችአይቪና የሌሎች የአባላዘር በሽታዎች ምርመራ አድርጊ። ነገ ዛሬ አትበይ። ውጤቱ እስኪታወቅ ራስሽን ጠብቂ። ስለዚህ ነገር ከባልሽ ፈቃድ አያስፈልግሽም።

ቀጥሎ ጠበቃ። በስልክ የጎረቤት ምክር ሳይሆን፣ ወረቀት ይዘሽ ቁጭ ብለሽ። እስከዚያው ይህን እወቂ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 11 በጋብቻ ላይ ጋብቻን ይከለክላል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በወንጀል ሕጉም አንቀጽ 650 ያስቀጣል፤ የሚቀጥለው አንቀጽ ግን ሕግ በሚያውቀው ሃይማኖታዊ ወይም ባህላዊ ልማድ የተፈጸመውን ነጻ ያደርጋል። ባልሽ «ባህል ነው» የሚለው ይህን ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ብቻውን ግን አያድነውም። ልማዱ በሕግ የታወቀ መሆን አለበት። ሳያገባት ልጅ ብቻ ወልዶ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ለዚህ ነው ጠበቃ ያልኩሽ።

ስለ ንብረት ደግሞ ልብ በይ። የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለታችሁ ስምምነት ሊሸጥ፣ ሊከራይ ወይም ዋስትና ሆኖ ሊያዝ አይችልም። ይህ አንቀጽ 68 ነው። ያለ ፈቃድሽ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ ከሆነ፣ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲሽረው መጠየቅ ትችያለሽ። ድርጊቱ ከተፈጸመ 2 ዓመት ካለፈው ግን በሩ ይዘጋል። የካርታውን፣ የመኪናውን፣ የባንክ ደብተሩን ኮፒ ዛሬውኑ ሰብስቢ።

ያ ሕፃን ደግሞ ምንም አላጠፋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ይላል። ልጆችሽ ወንድም አላቸው። መቼና እንዴት እንደሚነገራቸው አንቺ ወስኚ፤ ከሰው አፍ ግን አይስሙት።

የትዳር አማካሪም ሽማግሌም ብታገኙ መልካም ነው። ሽማግሌ ከጠራሽ ያቺ ሴትም ያለችበት እውነት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ።

«ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ»

ነጋዴ ነኝ ይላል፤ ከአዳማ። አንዷን አግብቷል፣ ሌላዋን ቤት ተከራይቶላታል። ልቡ ለሁለቱም እኩል እንደሆነ በግጥም ሁሉ ጽፎልኛል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሁለቱ ይተዋወቃሉ? ይህን ሳትነግረኝ ስለ ልብህ ልነግርህ አልችልም። ሴቶቹ ደግሞ ባላ አይደሉም።

ሞያሌን ብሻገር

የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እዚህ በማዘጋጃ ቤት አግብቷል። ናይሮቢ የሚያውቃት ልጅ አለች። ኬንያ ሁለተኛ ሚስት በሕግ ስለተፈቀደ እዚያ ባገባት ምን ችግር አለው ይላል።

የሰማኸው ግማሹን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኬንያ የጋብቻ ሕግ ከአንድ በላይ ማግባትን የሚቀበለው በባህልና በእስልምና ሥርዓት ለተፈጸመ ጋብቻ ነው። የክርስቲያንና የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ እዚያም አንድ ለአንድ ነው። አንድ ለአንድ በሆነ ትዳር ውስጥ ያለ ሰው ሌላ ማግባት አይችልም። ስለዚህ ድንበር መሻገርህ ሌላ ለማግባት አያስችልህም።

ስለዚያ ሕግ አንድ ነገር ልጨምር። ረቂቁ ላይ የፊተኛዋ ሚስት ሐሳብ የምትሰጥበት አንቀጽ ነበር። የፓርላማው ወንዶች አወጡት። ሴት የምክር ቤት አባላት ተቆጥተው አዳራሹን ለቀው ወጡ። ሕጉ ግን ጸደቀ። ደቡብ አፍሪካ በተቃራኒው ሄደች። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በጾንጋ ሕዝብ ባህል መሠረት ባል ሁለተኛ ሲያገባ የፊተኛዋ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ወስኗል። ሴኔጋል ደግሞ ከ1972ቱ የቤተሰብ ሕግ ጀምሮ ሙሽራው ገና ሲያገባ አንድ ብቻ ወይስ ከዚያ በላይ የሚለውን ይመርጣል፤ ምርጫው ይመዘገባል። አንድ ብሎ የፈረመ ሰው ኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት አይችልም። ብዙ ሚስትን ባልደግፍም ያ ወረቀት ደስ ይለኛል። ሙሽራይቱ ምን ውስጥ እንደምትገባ አይታ ነው የምትፈርመው።

«ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» አለኝ

ከጅማ የ24 ዓመት መምህርት ናት፤ ሙስሊም። አንድ ባለትዳር ሰው ኒካሕ እንሰር ይላታል። ቤተሰቡ መልካም ነው፣ ሰውየውም ደግ ነው። ግን የፊተኛዋ ለጊዜው እንዳትሰማ ይፈልጋል።

እህቴ፣ ስለ ሃይማኖትሽ ከኔ ይልቅ ዓሊም ይንገርሽ፤ ይህን የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም። የምታምኛቸው ሰው ዘንድ ሂጂና ነገሩን ሁሉ፣ ድብቅነቱንም ጨምረሽ ንገሪያቸው። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ 3ኛ አንቀጽ እስከ አራት ሲፈቅድ ፍትሕን አስከትሎ ነው። ማስተካከል እንደማይችል የፈራ ሰው አንድ ብቻ ያግባ ይላል። ከማስተካከሉ ውስጥ ደግሞ ሌሊቱን እኩል ማካፈል አለ። ለፊተኛዋ ያልነገረ ሰው ያንቺን ሌሊት ምን ብሎ ነው የሚያመጣው? «ሥራ አለብኝ» ብሎ ዋሽቶ ነው። የእሷን ስልክ ሳያነሳ ያድራል፣ ጠዋት ይዋሻታል። ዛሬ እሷን በሚዋሽበት አፍ ነገ አንቺን አይዋሽም ትያለሽ?

እሺ ለማለት ካሰብሽ መጀመሪያ ለእሷ ይንገራት። የምትኖሪበት ቤት፣ መህር (ባል ለሚስቱ የሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ)፣ ሥራሽን መቀጠልሽ፣ ሁሉም በውሉ ላይ ይጻፍ። ምስክር ይኑር፤ ጋብቻው ይመዝገብ። ይህን ስትጠይቂው ከሸሸ መልስሽን አገኘሽ።

ሪያድ ያለችው እህት

አንድ የአገሩ ተወላጅ «ሚስያር» በሚባለው ጋብቻ ላግባሽ ብሏታል። ከሰው ቤት ሥራ እወጣለሁ ብላ ተስፋ አድርጋለች።

ሚስያር ማለት ሚስቲቱ መኖሪያ ቤትና የሌሊት ድርሻ የመሳሰሉትን መብቶቿን የምትተውበት ጋብቻ ነው። በዚያ አገር ለቤተሰብ ቅርብ ለሆነች ሴት እንኳ ከባድ ነው። አንቺ ደግሞ ዘመድ የለሽም። የሳዑዲ ዜጋ የውጭ አገር ሴት ለማግባት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያ ፈቃድ ሳይኖር ልጅ ብትወልጂ የልጁ ወረቀት ጉዳይ ትልቅ መከራ ይሆናል። ፈቃዱን በዓይንሽ ሳታዪ፣ የምታምኚው ሰው አንብቦ ሳይተረጉምልሽ ምንም ነገር አትፈርሚ። ፓስፖርትሽን አትስጪው። ከመወሰንሽ በፊት ቆንስላ ጠይቂ፤ አገር ቤት ላለ አንድ ሰውም የሰውየውን ሙሉ ስምና አድራሻ ላኪ። እባክሽ።

አንዲት ሴት ብዙ ባል የምታገባበት የአፍሪካ አገር አለ?

ነበረ። ናይጄሪያ ጆስ አካባቢ ባሉት ኢሪግዌዎች ሴቲቱ ከአንዱ ባል ቤት ወደ ሌላው እየተዛወረች ትኖር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የአገሬው ምክር ቤት ከለከለው። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ኬንያ ውስጥ በናንዲዎች ዘንድ ወንድ ልጅ ያልወለደች ሴት ጥሎሽ ከፍላ ሴት ታገባለች። የሚወለደው ልጅ የእሷን ቤት ይወርሳል። ጉዳዩ የስምና የመሬት ነው።

«ለወንድሙ ትሰጥ ተባለ»

ይህን የጻፈው ወንድሟ ነው፤ ከአርሲ ገጠር። እህቱ ባሏ ከሞተ ስምንት ወሯ ነው። ሦስት ልጆች አሏት። የባሏ ወንድም ባለትዳር ነው። ቤተሰቡ እሷንም ይረከባት፣ ልጆቹም መሬቱም ከቤት አይውጣ ይላል። እሷ ታለቅሳለች። ወንድሟ «ባህሉን ብንጥስ ይጣሉናል» ብሎ ፈርቷል።

ወንድሜ፣ ስለጻፍክ ተባረክ። ይህ ልማድ ድሮ ያለ ምክንያት አልመጣም። ባል የሞተባት ሴት ከነልጆቿ እንዳትበተን ነው የተሠራው። ዛሬ ግን እህትህ እያለቀሰች ነው። ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። ያለ ሙሉ ፈቃዷ የሚደረግ ጋብቻ ጋብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴትን የሚጎዳ ልማድን ይከለክላል።

መሬቱን በሚመለከት መጀመሪያ የይዞታ ደብተሩን አውጡ። የባልና ሚስት መሬት ከሆነ በሁለቱም ስም መሆን አለበት። ስሟና ፎቶዋ ካለበት ደብተሩን ለማንም እንዳትሰጥ፤ አንተ ዘንድም ቢሆን ኮፒው ይቀመጥ። ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የራሷ ነው። የልጆቹ ውርስ የልጆቹ ነው፤ አጎታቸው ሊጠብቅላቸው ይችላል፣ የእሱ ግን አይሆንም።

ይህን ብቻችሁን አትጋፈጡት። ወረዳው ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እህትህን ራስህ ይዘሃት ሂድ። ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ባሏ በምን እንደሞተ በግልጽ ካልታወቀም የጤና ምርመራ ታድርግ። ከዚያ ከአካባቢው ሽማግሌዎች መካከል አንድ የሚሰማህን ፈልግ። አንድ ብቻ ይበቃል። «ትኑር፣ ልጆቿን ታሳድግ፣ ስታዝን አትንኳት» የሚል አንድ ሽማግሌ ከተገኘ ብዙ ነገር ይለወጣል። አንተም ከጎኗ ቁም። እንዳየሁት ከሆነ እስካሁን ከእሷ ጋር ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።

የዜግነት ቅጽ

ከሜሪላንድ። ባሏ አገር ቤት ያልፈታት ሚስት እንዳለችው አሁን ነግሯታል። የዜግነት ማመልከቻው ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሰው አግብተህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። «አይ ብሎ ቢያልፈውስ?» ትላለች።

አይለፈው። ውሸቱ ከተደረሰበት ዜግነቱ ራሱ ሊነጠቅ ይችላል። የአንቺም ጋብቻ ሕጋዊነት፣ ምናልባትም ወረቀትሽ፣ አደጋ ላይ ነው። ቅጹን አትንኩት። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ሂዱ፤ ቅጽ የሚሞላ ደላላ ዘንድ እንዳትሄዱ። አንቺ ደግሞ ከእሱ የተለየ የራስሽ ጠበቃ ያዢ።

ለሁለተኛ ሚስት ሠርግ ይደገሳል?

እንደየአገሩ ነው።

የእህቴ ሠርግ

የመጨረሻዋን ደብዳቤ የጻፈችው የ22 ዓመት ልጅ ናት። የተወለደችው ከሁለተኛዋ ቤት ነው። አባቷ ከሞተ በኋላ ከፊተኛዋ ቤት ልጆች ጋር በፌስቡክ ተገናኝታለች። ታላቋ እህት በቅርቡ ታገባለች፤ የጥሪ ካርድ ልካላታለች። እናቷ «አትሂጂ፣ ያዋርዱሻል» ትላለች። እሷ መሄድ ትፈልጋለች፤ ግን ከሙሽራዋ እናት ፊት እንዴት ልቁም ትላለች።

የኔ ልጅ፣ ሂጂ። የተጠራሽው በስምሽ ነው። እህትሽ ካርዱን ስትጽፍ ብዙ አስባበት እንደሆነ አልጠራጠርም።

ከላይ ያወራሁት ባለ ሹራቡ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። አክስቴ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ከሐዘኑ አራት ዓመት በኋላ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ነበር የጋበዘው። ግን ለእናቱ፣ ለአክስቴ፣ አልነገራትም። ልጁ በር ላይ ሲቆም አክስቴ የቡና ረከቦት ይዛ ነበር፤ አስቀመጠችና ጓዳ ገባች። ከሰዓት በኋላ ነው የወጣችው። ልጁ ያን ሁሉ ሰዓት ሶፋው ጫፍ ላይ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ጠበቀ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። አስቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ አክስቴ እንዲህ አትሆንም ነበር፤ ራሷ ኋላ እንዲህ ብላኛለች።

ስለዚህ እህትሽን አንድ ነገር ለምኛት። መምጣትሽን ለእናቷ አስቀድማ ትንገራት። እናትየዋ «አልፈልግም» ካለች ከሠርጉ በኋላ ለመልሱ ወይም ሌላ ቀን እህትሽን ብቻሽን አግኚያት፤ እንደ መዋረድ አትቁጠሪው። «ትምጣ» ካለች ደግሞ ገና ስትገቢ ሄደሽ ጉልበት ሳሚ። ከዚያ ከእህትሽ ጓደኞች ጋር ተቀመጪ። ለእናትሽም ሳትደብቂ ነግረሻት ሂጂ።

ለእህትሽ የምትደውዪው ግን አሁን ነው። ሠርጉ ዋዜማ ላይ አይሁን፤ ያን ቀን የማንም ቤት ሰው በደንብ አይሰማም።